ስኮትላንዶች ጉዳቸውን በቲኬት ያሳያሉ

ስተርሊንግ ግንብ ውስጥ አስጎብኚያችን ወሬውን የጀመረው በግድያ ነው። በ1452 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ንጉሥ ጄምስ 2ኛ የዳግላስን መስፍን «ማንም አይነካህም» ብሎ የደኅንነት ዋስትና ሰጥቶ ጠራው። አብረው ራት በሉ። ከዚያ ንጉሡ፣ «ከሌሎቹ መኳንንት ጋር የገባኸውን ቃል አፍርስ» አለው። መስፍኑ እምቢ አለ። ንጉሡ ራሱ ጩቤ መዞ ወጋው፤ አጃቢዎቹ ተረባርበው ጨረሱት። ሬሳው በመስኮት ተወረወረ ይባላል። ቦታው ዛሬ የዳግላስ አትክልት ተብሎ ይጎበኛል። ገዳዩ ያኔ የ21 ዓመት ልጅ ነበር።

አስጎብኚው ይህን ሁሉ የሚያወራው ስለ ጎረቤቱ እንደሚያማ ሰው ዘና ብሎ ነው። የንጉሡን ክብር ላድን አይልም።

ኤድንብራም ያው ነው። ግንቡ የተሠራው ቀጥ ባለ የእሳተ ገሞራ ዐለት ላይ ነው፤ ነፋሱ ኮፍያ አያስቀርም። በ1314 ግንቡን እንግሊዞች ይዘውት ነበር። ስኮትላንዶች መልሰው የያዙት በአንድ ጎረምሳ ምክንያት ነው። ዊሊያም ፍራንሲስ የሚባለው ይህ ልጅ ግንቡ ውስጥ ሲኖር ከተማ ያለች ወዳጁ ጋ በሌሊት በገደሉ እየወረደ ይሄድ ነበር። መንገዱን አልረሳውም። በኋላ የስኮትላንዶቹ የጦር መሪ ቶማስ ራንዶልፍ ሠላሳ ያህል ሰው ይዞ እሱን አስመርቶ በዚያው ገደል ወጣ። እንዲህ ያለውን ታሪክ ሕፃን ልጅ እንኳ አይረሳውም። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በ1566 ልጇን የወለደችበትን ክፍልም አየሁት። ከኮንዶሚኒየም መኝታ ቤት አይበልጥም።

ጎንደር ስሄድ የሚገርመኝ ይኼ ነው። ወሬ አጥተን አይደለም። ታላቁ ኢያሱ በገዛ ልጁ ትእዛዝ በ1706 ተገደለ። ልጁ «ርጉም ተክለ ሃይማኖት» የሚል ስም ወጣለት፤ እሱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተገደለ። የዳግላስ ጉዳይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሰፈር ጠብ ነው። እኔን ያስጎበኘኝ ሰው ግን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈውና ወደ አንበሶቹ ቤት ወሰደኝ። የፎቁን ቁጥር፣ የነጋሢዎቹን ተራ በቃሉ ያውቃል። ማን ማንን ለምን እንደገደለ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ አደረገ። ነገሥታቱን ማማት ነውር መሰለው። አልፈርድበትም፣ እኛ ዘንድ የሦስት መቶ ዓመት ሬሳም ዘመድ አለው።

ፈረንጆቹንም ቢሆን አላጋንናቸውም። ፖስት ካርድ ላይ የማይጠፋው ኢሊያን ዶናን ግንብ በ1719 በብሪታንያ የጦር መርከቦች ፈርሶ፣ እንደገና ተሠርቶ ያለቀው በ1932 ነው። የድሮ መልክ ያለው አዲስ ቤት ነው።

ደግሞ አንዱ ለአንዱ ያደረገውን ሲተርኩ አንደበታቸው ይፈታል እንጂ፣ ከሰው አገር ያመጡት ላይ እንዲያ አይደሉም። ከኤድንብራ ግንብ ሥር ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ1868 ከመቅደላ በአንድ መኮንን የተወሰደ ታቦት እዚያ ገብቶ ከመቶ ዓመት በላይ ተረስቶ ኖረ። አንድ ቄስ ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘው። ምን እንደሆነ ሲያውቁ ግን አላንገራገሩም፤ በ2002 መለሱት፣ አዲስ አበባም ነቅላ ወጥታ ተቀበለችው። ለንደን ያለው የብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦት ይዞ ዛሬም «ሕጉ አይፈቅድም» ይላል።

ኤድንብራ የምትሄዱ ከሆነ ግንቡን ስትጨርሱ ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ውረዱ። በእግር ሩቅ አይደለም፤ መግቢያም አያስከፍልም።