የመንገድ ዋስትና በክረምት ይቆጠር

ባለፈው ሳምንት የከተማችን የባሕር ዳር የግንባታና የመንገድ ሥራ ውል መመሪያ ሊሻሻል ነው ተብሎ በተጠራ ውይይት ላይ ነበርሁ። ረቂቁ ተነብቦ ጥያቄ ሲፈቀድ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነሡ። ካቻምና ሰኔ ላይ ሪባን የተቆረጠለት የሰፈራቸው መንገድ ባለፈው ክረምት ተሰርጉዶ ባጃጅ እንኳ አልገባ ማለቱን፣ የታመመ ሰው እስከ ዋናው አስፋልት በሸክም እንደሚወጣ ተናገሩና "ማን ነው የሚጠግንልን?" አሉ። መድረኩ ላይ የነበሩት ኃላፊ ለመልስ አልተቸገሩም። የባሕር ዳር አፈር መረሬ ነው፣ ዝናቡም ኃይለኛ ነው፣ የተቋራጩ የዋስትና ዓመትም አልቋል አሉና ወደሚቀጥለው ጠያቂ አለፉ።

እኔ ግን ከዚያ መልስ ማለፍ አልቻልሁም።

ባሕር ዳር ላይ ዝናብ መዝነቡ ከመቼ ወዲህ ነው ምክንያት የሆነው? ከሰኔ እስከ መስከረም እንደሚጥል፣ በዓመት ከሚወርደው ወደ 1400 ሚሊ ሜትር ዝናብ አብዛኛው በእነዚሁ ወራት እንደሚወርድ የማያውቅ ሰው ጣና ዳር መንገድ ሊሠራ አይገባም። መረሬውም ከተማዋ ሳትቆረቆር የነበረ ነው። ተቋራጩ ሳይቱን አይቶ ነው ዋጋ የሞላው። መሐንዲሱ አፈሩን አስመርምሮ ነድፏል ተብሎ ተከፍሎታል። ተቆጣጣሪው በየንብርብሩ ፈርሟል። ይህ ሁሉ ሰው ገንዘብ የተቀበለው አፈሩና ዝናቡ መንገዱን እንዳያበላሹት አድርጎ ሊሠራ ነው። መንገዱ ሲፈርስ ጥፋቱን መልሶ በአፈሩና በዝናቡ ማሳበብ፣ ለባለሙያ የከፈልነውን ገንዘብ ሁሉ በከንቱ ከፍለናል ብሎ ማመን ነው።

ነገሩ ከዚህም ይከፋል። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጥር ላይ ከከተማ ወጣ ብሎ ማሳ ውስጥ የቆመ ሰው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያያል። ስለዚህ መንገድ ሲሠራበት ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ይወጣል፣ በገረጋንቲ ይተካል፣ ገረጋንቲው በየንብርብሩ ውሃ እየተረጨ በሮለር ይጠቀጠቃል፣ ከጎን ያለው ቦይ ደግሞ ውሃውን ከመንገዱ ያርቃል። ከእነዚህ አንዱ ቢዘለል ጥፋቱ ወዲያው አይታይም። በመጀመሪያው ክረምት መንገዱ ገና አዲስ ነው፤ ውሃው ቀስ እያለ በጎንና በቦዩ ሥር ይገባል፣ አፈሩ አብጦ መንገዱን ከፍ ያደርገዋል፣ ላዩ ግን እንዳማረ ይቆያል። በጋ ሲመጣ አፈሩ ደርቆ ይኮማተራል፣ ከላይ ያለው ንብርብር ደጋፊ አጥቶ ይንጠለጠላል፣ ሲኖትራክ ሲያልፍበት ከጠርዙ ወዲህ ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል። ሁለተኛው ክረምት የሚገባው በዚያ ስንጥቅ ነው። መንገዱ የሚሞተውም ያኔ ነው።

አሁን የዋስትናውን ጊዜ፣ ማለትም ብልሽት ቢወጣ ተቋራጩ በራሱ ወጪ የሚጠግንበትን ጊዜ ተመልከቱ። በተለመደው ውል ጊዜያዊ ርክክብ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ 365 ቀን ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ የተረከቡትን መንገድ በሚቀጥለው ሰኔ፣ ኅዳር ላይ የተረከቡትን በሚቀጥለው ኅዳር የመጨረሻ ርክክብ ይፈጽሙለታል። ከየትኛውም ወር ብትጀምሩ 365 ቀን ውስጥ የሚገባው የአንድ ክረምት ዝናብ ብቻ ነው፤ ያም የመጀመሪያው፣ ጉዳቱ ገና ያልወጣበት። ኮሚቴው ይመጣል፣ መንገዱ ደህና ይመስላል፣ ይፈረማል፣ ከተቋራጩ ክፍያ ተቀንሶ በመያዣ የቀረው ገንዘብ ይለቀቃል፣ ዶሴው ይዘጋል። ሁለተኛው ክረምት ሲደርስ የሚጠየቅ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ዋስትናው የሚያልቀው በትክክል በሚያስፈልግበት ዋዜማ ነው፤ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ይህን አላስተዋልንም ቢሉኝ አላምናቸውም። መመሪያው ሲሻሻል ደግሞ ይህ አንቀጽ ከነነፍሱ እንዳለ ተቀምጧል።

የምጠይቀው ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 3039 ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለአሠራሩ ደህንነትና ለግንባታው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ጉዳቱ ከአሠራር ጉድለት ቢመጣ፣ ወይም ሥራው ከተሠራበት መሬት ዓይነት ቢመጣ፣ ተቋራጩ ኃላፊ ነው ይላል። የመሬቱ ዓይነት! ኃላፊው ለማምለጫ ያቀረቡትን ምክንያት ሕጉ ከስልሳ ዓመት በፊት የተጠያቂነት ምክንያት አድርጎ ጽፎታል። የሕግ ሰዎች ያ ለግል ውል የተጻፈ ነው፣ የመንግሥት ሥራ የራሱ ምዕራፍ አለው ይሉኝ ይሆናል። ይበሉ። አንድ ሰው በግሉ ቤት ሲያሠራ የሚያገኘውን ጥበቃ፣ ሕዝብ በግብሩ መንገድ ሲያሠራ ለምን እንደሚነፈግ ግን ያስረዱኝ።

ከቤቴ ፊት ስላለው ኮብልስቶን ልንገራችሁ። ባለፈው ነሐሴ አንድ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ ከተሰረጎደው ቦታ ዳር ያለውን ድንጋይ በእጄ ነቀልሁት። ዶማም ዲጂኖም አላስፈለገኝም፤ እንደ ተነቃነቀ ጥርስ ወጣ። ድንጋዩ ተደላድሎ የሚቀመጥበት የአሸዋ ምንጣፍ ከሥሩ ሊኖር ይገባ ነበር። ያገኘሁት ስስ የአሸዋ አቧራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ጭቃ። ጣቴን ብሰደው እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ፤ ሳወጣው ቀዳዳው እያየሁት ውሃ ሞላ። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በራቸው ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። አሸዋው ሁለት ገልባጭ ብቻ መጥቶ እንደተቋረጠ፣ ድንጋዩ ግን ሌላ አሸዋ ሳይጠበቅ መደርደሩን እንደቀጠለ ነገሩኝ። "እኔ እዚሁ ቆሜ ቆጥሬያለሁ ልጄ፤ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም" አሉኝ። ርክክቡ ላይ የፈረሙት ሰዎች ከእኒህ አባት በር አሥር እርምጃ ርቀው ነበር የቆሙት።

አቅም የለንም የሚል መልስ አልቀበልም። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ እኔም ልጆቼን ይዤ በእግሬ ተሻግሬዋለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ትልቁ ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ አለ፣ ሙከራ አለ፣ የሚያፍር ሰው አለ። የሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ ሲደረስ ነው ሁሉም ዓይኑን የሚጨፍነው። ድልድዩን የተሻገረ ሰው ግን የሚያድረው ሰፈሩ ነው።

ሌላው በሽታ የጊዜ ሰሌዳው ነው። በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። የጨረታ ሰነድ ተዘጋጅቶ፣ ጨረታው ወጥቶና ተከፍቶ፣ ቅሬታ ተሰምቶ ውል እስኪፈረም ጥርና የካቲት ይደርሳል። ቅድሚያ ክፍያ ተለቅቆ ማሽን እስኪገባ መጋቢት ይጋመሳል። ከዚያ በኋላ ያለው በጀቱ እንዳይመለስ የሚደረግ ሩጫ ነው። ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ በሰፈሮቻችን የተዘዋወረ ሰው አይቶታል፤ ሮለሩ በረጠበ አፈር ላይ ይመላለሳል። የረጠበ መረሬ ደግሞ ይላወሳል እንጂ አይጠቀጠቅም። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን ደረቅ ወር ወረቀት ስናንከባልል እንፈጅና፣ መንገዱን ለዝናብ አሳልፈን እንሰጠዋለን። ሐምሌና ነሐሴ ማሽን የማይሠራበት ወቅት ስለሆነ ሰነዱ ያኔ ቢዘጋጅና ጨረታው ያኔ ቢወጣ ጥቅምት ላይ ቁፋሮ ይጀመራል። ረቂቁ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። ያለው ያለ ግልጽ ጨረታ በቀጥታ የሚሰጥ ሥራ የገንዘብ ጣሪያ ከፍ እንዲል የሚፈቅድ አንቀጽ ነው፤ ለፍጥነት ሲባል ተብሎ። የፈጠነ መንገድ አላጣንም። ያጣነው የሚቆይ መንገድ ነው።

ዋስትናው ቢረዝም ተቋራጮች ዋጋ ይጨምራሉ የሚል ክርክርም በዚያው አዳራሽ ተነሥቷል። አዎ፣ ይጨምራሉ። ዛሬ ርካሽ የሚባለውን መንገድ ግን ሁለት ጊዜ ነው የምንገዛው፤ አንድ ጊዜ በጨረታው፣ ሁለተኛ ጊዜ በጥገና በጀት። ባለባጃጁ ለጎማና ለሾክ አብዞርበር፣ እናቶች ለሸክም፣ ባለሱቁ በጭቃ ምክንያት ላልገባለት ዕቃ የሚከፍሉት በየትኛውም ሰነድ ላይ አይጻፍም። ለሦስት ክረምት ዋስ እሆናለሁ ብሎ ዋጋ የሰጠ ተቋራጭና አንድ ክረምት ብቻ የሚያስብ ተቋራጭ በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ሁልጊዜ አጭበርባሪው ነው የሚሆነው። ደህና የሚሠሩ ተቋራጮችን ከገበያ የሚያስወጣቸው ይህ አሠራር ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ክፍያ ይዘገያል፣ ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር ዕቃ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህም ከውጭ የሚመጣው ሬንጅና የማሽን መለዋወጫ ዋጋ ተቋራጩን ጎድቶታል። ለዚህ ግን ውሉ ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ይግባ፣ የዘገየ ክፍያ ወለድ ይታሰብበት። ኪሳራውን ከገረጋንቲው ውፍረት ላይ ቀንሶ ማካካስ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ስለ ጣናም ሳላነሣ አላልፍም። ሐይቁ ከ2007 ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እኛ ደግሞ ጫፉ የትም የማይደርስ ቦይ እየቆፈርን፣ ከፈረሰው መንገድ የታጠበውን አፈርና ገረጋንቲ በየክረምቱ ወደ እሱ እንልካለን። ቦይ የመንገዱ አካል ሆኖ በአንድ ውል ካልተሠራና መውጫው እስከ መጨረሻው ካልተጠናቀቀ መንገዱን መረከብ ክልክል ይሁን።

ረቂቁ ላይ እንዲገባ የምፈልገውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ዋስትናው የመንገዱ ርክክብ ከተደረገ በኋላ ሦስተኛው ክረምት አልፎ እስከሚመጣው ጥቅምት ድረስ ይቆይ። ገንዘባቸው ታስሮ እንዳይጎዱ ተቋራጮች በመያዣው ፈንታ የባንክ ዋስትና ማቅረብ ይፈቀድላቸው። የመጨረሻው ፍተሻ ነሐሴ ላይ፣ ውሃው ባለበት ይደረግ። ፊርማው ላይም ከሰፈሩ ነዋሪ ሁለት ሰው ይግባ፤ ገልባጭ መኪና ሲራገፍ ቆመው ከቆጠሩት መካከል።

ስብሰባው ሲበተን እኒያን እናት በር ላይ አገኘኋቸው። ከየቤቱ ብር አዋጥተው አንድ መኪና ገረጋንቲ እንዳዘዙ፣ ቅዳሜ ጎረምሶቹ እንደሚደለድሉት ነገሩኝ። ከዚያ "ጥያቄዬ ተጽፎልኛል ወይ?" አሉኝ። ተመልሼ ገብቼ ቃለ ጉባኤ የያዘውን ወጣት ጠየቅሁት፤ ደብተሩን አዞረልኝ። ከጥያቄያቸው ትይዩ "ማብራሪያ ተሰጥቶበታል" ይላል። እንዲሰረዝና "አልተመለሰም" ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቅሁ፤ ኃላፊው ካልፈቀዱ አልችልም አለኝ። ሰኞ ጠዋት ኃላፊው ቢሮ እሄዳለሁ።