ክብሪት አምጡ!

ወገኖቼ፣ ይቺን ነገር ካልጻፍኳት አትለቀኝም።

መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነን፤ አመሻሽ ነው። ከፊቴ የቆመች ደብተር የያዘች ልጅ ድንገት ወደቀች። የሚጥል በሽታ ነው። ሰልፉ እንዳለ ተበተነ። አንዲት እናት "ለሃጯ እንዳይነካህ፣ ይተላለፋል!" ብላ ልጇን ወደ ኋላ ሳበችው። ከዚያ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው "ክብሪት አምጡ!" ብሎ ጮኸ። ክብሪት መጣ። እየጫረ አፍንጫዋ ስር ይይዛል፣ ሲጠፋበት ሌላ ይጭራል፣ የእሷ ጭንቅላት ደግሞ አስፋልቱን ይመታል፣ ከስሩ ጨርቅ እንኳን ያደረገላት የለም። በሦስተኛው ክብሪት የላይኛው ከንፈሯ ተቃጠለ። ሽታው እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ሃያ ሰላሳ ሰው እንሆናለን። ቆመን አየን።

ያስቆመችው እዚያው ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት ናት። ስኒውን ጥላ መጣች። "ዞር በል!" አለችው። ልጅቷን በጎኗ አስተኛቻት፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጭንቅላቷ ስር አደረገች፣ የአንገቷን ቁልፍ ፈታች። አፏ ውስጥ ምንም አልከተተችም። ሰውዬው ተቆጣ። "አባቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን አንቺ ልታስተምሪን ነው?"

"እኔም ልጄን አጭሼዋለሁ" አለችው። "ጠባሳው አሁንም አለ። ጤና ጣቢያ ወስጄው ሲስተሯን ለምንድነው በጭሱ የማይተወው ብዬ ጠየቅኳት። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ተሳስቼ ነበር።"

ተሳስቼ ነበር! ያውም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምብሰለሰለው በዚህ ነው። አንዱን ሰው በምክንያት ለማሰብ ልቡን የሚከፍትለት፣ ሌላውን የሚዘጋበት ምንድን ነው? ትምህርት እንዳልል ከረባት ያሰረውም የተማረ ይመስላል። እሷ ግን የልጇ ነገር ስለሆነባት እውነቱን ማወቅ ከክብሯ በለጠባት። ስትጠይቅም "መሃይም" ብሎ ያሸማቀቃት አልነበረም። እኛስ? ልጅ "ለምን?" ሲለን "አፍህን ዝጋ" እንላለን። ተማሪ ሲጠይቅ "ሥርዓት የለሽ" ይባላል። ያ ልጅ አድጎ ክብሪት ቢጭር ምን ይገርማል?

መንቀጥቀጡ እኮ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ደቂቃ በራሱ ያቆማል። ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስደዋል። ባይጫርስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። በሽታው ደግሞ እንግዳችን አይደለም። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰው ያለበትን ማኅበረሰብ ቤት ለቤት አጥንተው 316 ታማሚ አግኝተዋል፤ ከሺህ አምስት ሰው ማለት ነው። ጥናቱ ከታተመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። በለሃጭ አይተላለፍም። በሽታውን የሚቆጣጠረው፣ ፌኖባርቢታል የሚባለው ኪኒን ርካሽ ነው። እኛ አሁንም ክብሪት ላይ ነን።

አሁን የዘለልኩትን ልናገር። "ክብሪት አምጡ" ሲል ከኪሱ አውጥቶ የሰጠው እኔ ነኝ። ጭስ እንደማይጠቅም አንብቤ አውቅ ነበር። እያወቅኩ! ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲያይ እጄ ቀደመኝ። ከንፈሯ ሲቃጠል አየሁ፣ ዝም አልኩ። ሴትየዋ ስትናዘዝም ዝም አልኩ። ዲግሪዬ ለዚያች ልጅ ምን ፈየደላት?

እባካችሁ ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ አትቆጧቸው። የማታውቁትን "አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ" በሏቸው። ይህን ስል ነገ ሁላችንም እንለወጣለን ብዬ አይደለም፤ እኔም እንደማልደግመው እርግጠኛ አይደለሁም። ግን በሚቀጥለው ጊዜ "ክብሪት አምጡ" ሲባል ከሰላሳው ሰው አንዱ "ለምን?" ቢል ይበቃኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በዚያው ሳልፍ ሴትየዋ እዚያው ተቀምጣለች። ቡና ጠጣሁ። አላወቀችኝም። ክብሪቱ የእኔ ነበር ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከፈልኩና ሄድኩ። እመለሳለሁ።