ኧረ አቦ፣ ሲሚንቶውን ተዉት!

ድሬዎች፣ የከዚራ ሰፈርን አሮጌ መደብር ዕድሜ ጣለው አትበሉ። የጣላችሁት እናንተ ናችሁ፣ ያውም ገንዘብ ከፍላችሁ።

ባቡሩ በ1895 ከጅቡቲ ድሬ ሲገባ ተከትለው የመጡት የግሪክ፣ የአርመን፣ የህንድና የአረብ ነጋዴዎች ለዚህ ሙቀት የሚሆን ቤት ነበር የሚያሠሩት፦ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ጥላ የሚጥል በረንዳ፣ ማያያዣውም ኖራ። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው፣ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ የቀሩት ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ሲደርሱ አዳራሹ በቺፑድ ተሸነሸነ። ተከራዩ በዛ፤ አሸንዳ የሚጠርግ ግን ጠፋ።

አሁን ደግሞ ካፌና ፋርማሲ ልታደርጉት ሲሚንቶ ታለብሱታላችሁ። ግድግዳው ከመሬት የሚስበውን ውኃ በኖራው ልስን በኩል ያተነው ነበር። ሲሚንቶ መውጫውን ሲዘጋበት ርጥበቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ጨው ከልስኑ ጀርባ እየረጋ ድንጋዩን ይልጣል። በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጣችሁ ውስጡ ተላቋል። ከርጥበቱ ምልክት ግማሽ ሜትር ከፍ ብላችሁ የሲሚንቶ ልስኑን አንሱት፣ ግድግዳውን አድርቁት፣ ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፤ በውኃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል። ከዚያ 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ አሸዋ። የወንዝ አሸዋ ከሆነ ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር ናጡትና ይርጋ፤ ከላይ ወፍራም ደለል ከታየ እጠቡት። አንዱ ድርብ ከ1 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ሳይጠነክርም ሌላ አይደረብበት። ግንበኛው «ለጥንካሬ ትንሽ ሲሚንቶ» ካለ እምቢ በሉ። የድሬ ፀሐይ ኖራን ሳይጠነክር ስለሚያደርቀው በማለዳ ይለሰን፣ ሳምንት ያህልም እርጥብ ጆንያ ይጋረድበት።

ፎቁ ላይ የምትሰቅሉት ሮቶስ? 2,000 ሊትር ማለት 20 ኩንታል ነው፤ ጫፉ የበሰበሰ አግዳሚ እንጨት አይሸከመውም። መሬት ላይ አስቀምጡትና ውኃውን በፓምፕ አውጡ። ለሱቅ በር ብላችሁ ግድግዳ ስትሰብሩም ከላይ ያለውን ሳትደግፉ አንድ ድንጋይ አትንኩ። ኮርኒሱንም ዝቅ አድርጋችሁ ሙቀቱን ራሳችሁ ላይ ካወረዳችሁ በኋላ ኤሲ ትገዛላችሁ፤ ይኼ ምን የሚሉት ብልጠት ነው?

ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ፣ በ1992 የወጣው አዋጅ 209 አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። አሸንዳ ለመጥረግ ግን ፈቃድ የሚጠይቃችሁ የለም፤ ሐምሌ ሳይገባ መሰላል አቁሙ፣ የጣሪያውንም ውኃ ከግድግዳው ሥር አርቁት።