ዳንራጅ በ4 ቴስት አይመዘንም

ሰሞኑን አንድ የክሪኬት ተንታኝ ስለ ዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን ሀገራት ጥምር ቡድን) ስፒነሮች፣ ማለትም ኳሷን እያሽከረከሩ ስለሚወረውሩት፣ ሲያወራ የራጂንድራ ዳንራጅን ስም አንስቶ ወዲያው ጣለው። ትሪኒዳዳዊው ሌግ ስፒነር በሀገር ውስጥ ውድድር የሰበሰበው ዊኬት (ከጨዋታ ያስወጣቸው መቺዎች ቁጥር) ርካሽ ነበር፣ ልኩም በቴስት፣ በሀገራት መካከል በሚደረገው የአምስት ቀን ጨዋታ፣ ታየ አለ። እንዲህ ያለ ፍርድ ሲሰጥ ዝም ማለት አልችልም።

ርካሽ የተባለው ወደ 300 የሚጠጋ የአንደኛ ደረጃ (ብዙ ቀን የሚወስድ ከፍተኛ ውድድር) ዊኬት ነው። ማስረጃው ደግሞ ትሪኒዳድ ያለው የጓራካራ ፓርክ ሜዳ ደረቅ ስለሆነ ለስፒነር ይመቻል የሚል ነው። ይመች! በዚያው ሜዳ የእንግዶቹ ቡድኖች ስፒነሮችም ወርውረዋል፤ የታለ የእነሱ 300 ዊኬት? በካሪቢያን ቡድኖች መካከል ይደረግ የነበረው ሬድ ስትራይፕ ዋንጫስ የሰፈር ጨዋታ ነበር እንዴ? ካርል ሁፐርና ቻንደርፖል ለጉያና፣ ሪቺ ሪቻርድሰን ለሊዋርድ ደሴቶች፣ ጂሚ አዳምስ ለጃማይካ የተሰለፉበት ውድድር ነው።

ወደ ቴስቱ እንምጣ። ከ1994 እስከ 1996 ድረስ 4 ጊዜ ብቻ ተሰለፈ፤ 8 ዊኬት አገኘ፤ ለእያንዳንዱም በአማካይ ከ70 ሩጫ (ነጥብ) በላይ ለተጋጣሚ ሰጠ። ቁጥሩ አያምርም። ግን እየተጠራና እየተተወ ያገኘው 4 ጨዋታ ለሌግ ስፒነር ፈተና ሊባል ነው? ይህ ሰው ኳሷን የሚያሽከረክረው በእጁ አንጓ ነው። ለቅጽበት ቀድሞ ከለቀቃት ሳትነጥር በቀጥታ የመቺው በትር ላይ ትደርሳለች፤ ለቅጽበት ከዘገየ አጥራ ትወድቅና ወደ ድንበር ትላካለች። እንዲህ ያሉ ሁለት ኳሶች በተከታታይ ሲያመልጡት ኳሷን ሳይነጥቅ የሚታገስ አምበል ያስፈልገዋል። እንደ አምብሮስና ዋልሽ ያሉ ፈጣን ወርዋሪዎች በቡድኑ ያሉት አምበል ለምን ብሎ ይታገሳል? በዚያ ቡድን ስፒነር የፈጣኖቹ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ነበር።

አውስትራሊያዊው ሌግ ስፒነር ሼን ዋርን በ1992 መጀመሪያ ህንድን በገጠመባቸው የመጀመሪያዎቹ 2 ቴስቶች 228 ሩጫ ሰጥቶ 1 ዊኬት ብቻ አገኘ። በተንታኙ ሚዛን ከሆነ እዚያው ማብቃት ነበረበት። አውስትራሊያውያን ግን ያንኑ ዓመት መልሰው አሰለፉት፤ 708 ዊኬት ይዞ ጨረሰ። ዳንራጅ ዋርንን ያክል ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ መልሱ እንዳይታወቅ ያደረጉትን መራጮች ይጠይቅ።

የጉያናው ሌግ ስፒነር ዴቬንድራ ቢሹም ገና በጀመረበት በ2011 በዓለም ክሪኬት ምክር ቤት የዓመቱ ብቅ ያለ ተጫዋች ተብሎ ሲያበቃ፣ ብዙም ሳይቆይ ከቴስት ቡድኑ ወጣ። ወደ ሀገሩ ተመልሶ ወረወረ፤ በ2015 ተጠራ፤ በዚያው ዓመት ሮዞ ላይ 6 አውስትራሊያውያንን በ80 ሩጫ አስወጣ። በ2016 ደግሞ ዱባይ ላይ 8 ፓኪስታናውያንን በ49 ሩጫ ጣለ። ለዚህ ያበቃው ያ ርካሽ ነው የተባለው የሀገር ውስጥ ውድድር ነው!

ቢሹ ሁለተኛ ዕድል አገኘና 117 የቴስት ዊኬት ላይ ደረሰ። ዳንራጅ ከ1996 በኋላ ለትሪኒዳድ መወርወሩን ቢቀጥልም አንድም የቴስት ኳስ አልተሰጠውም። ተንታኙ በሚቀጥለው ስርጭት ስለ ርካሽ ዊኬት ሊያወራ ከሆነ ይህን ያብራራልን።