የቤንጋ ጊታር ያለ ኒያቲቲ አይገባም

የኬንያው ቤንጋ በጎረቤታችን ተወልዶ እኛ ዘንድ ብዙም የማይታወቅ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። የሚያውቁትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ «የጊታር ሙዚቃ» ብለው ያልፉታል። ይህ አጠራር ሙዚቃውን ከሥሩ ይነጥለዋል ብዬ አምናለሁ።

ሥሩ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩት የሉኦ ሕዝቦች የሚጫወቱት ኒያቲቲ ነው። ኒያቲቲ ከክራራችን ጋር የሚዛመድ ባለ 8 አውታር መሣሪያ ሲሆን፣ ተጫዋቹ ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ አውታሮቹን በሁለት እጁ እየነካ፣ በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ላይ ባጠለቀው የብረት ቀለበት የመሣሪያውን እንጨት ይመታል። እግሩ ላይ የታሰረው የብረት ማንቋቋቻም አብሮ ይንሿሿል። ዜማውም ምቱም ከአንድ ሰው ይወጣል ማለት ነው። በጨዋታው መካከል አንድ አድማጭ ሙዚቃውን አስቁሞ ራሱንና ወዳጆቹን ያወድሳል፣ ለተጫዋቹ ገንዘብ ይሰጣል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል፤ ይህን ሥርዓት ሉኦዎች «ፓክሩኦክ» ይሉታል።

ወጣቶቹ ጊታር ማንሳት ሲጀምሩ ይህን የጣት ልማድ ይዘውት ገቡ። ስለዚህም የቤንጋ መሪ ጊታር አውታሮቹን በአንድነት ከመጥረግ ይልቅ አንድ በአንድ እየነካ አጭር ዜማ ይደጋግማል፤ ቤዝ ጊታሩም ከኋላ ተደብቆ አይቀርም፣ እየዘለለ ይመልስለታል። እ.ኤ.አ. በ1940 በታንዛኒያ ሺራቲ የተወለደውና ሺራቲ ጃዝ የተባለውን ባንድ የመራው ዳንኤል ኦዊኖ ሚሲያኒ ይህን አጨዋወት በመላው ምሥራቅ አፍሪካ ካስተዋወቁት አንዱ ነው። ሙዚቃው ዚምባብዌም ድረስ ዘልቆ፣ ሸክላዎቹን ባሳተመው በኦሉኦች ካኒንዶ ስም «ካኒንዶ» እየተባለ ሲጠራ ኖሯል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዘፈኖቹ በሬድዮ የሚቆረጡበት መንገድ ነው። በቤንጋ ዘፋኙ ከጨረሰ በኋላ ጊታሮቹ ብቻቸውን ቀርተው ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ጨፋሪው ሲጠብቀው የቆየውም ይህንኑ ክፍል ነው። በድሮዎቹ ትንንሽ ሸክላዎች ላይ አንዱ ዘፈን ለሁለት ገጽ የሚከፈለው አንድ ገጽ ስለማይበቃው ነበር። ዘፋኙ ዝም ሲል ዘፈኑ ያለቀ መስሎት ድምፁን ቀንሶ ማስታወቂያ የሚያስገባ አዘጋጅ፣ አድማጩ ወገቡን ሊፈታ ሲል ሙዚቃውን ይነጥቀዋል።

ቤንጋን ለአድማጭ ሊያስተዋውቁ የሚሹ የሬድዮ አዘጋጆች በቅድሚያ ኒያቲቲን ብቻውን ያሰሙ፤ ከዚያም የግጥሙን ፍሬ ነገር ባጭሩ አስረድተው ዘፈኑን ከነሁለተኛው ገጹ ሳይነኩት ይልቀቁት።