አስር ሺው ዶላር የማን ነው?

ክርክሩን ያስነሳው አንድ ወሬ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በአሜሪካ ሜሪላንድ ስቴት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቡና ላይ ከተቀመጡት አንዱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «ሜሪላንድ ለመምህር በዓመት 10,000 ዶላር ትጨምራለች፤ መመዝገቢያውንም ራሷ ትከፍላለች። እኛ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን» አለ። አገር ቤት ፊዚክስ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። እዚህ በካውንቲው ትምህርት ቤት ረዳት መምህር፣ በሥራ ቦታው አጠራር «ፓራ»፣ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው።

ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው የማስተማር ፈቃድ፣ ማለትም ላይሰንስ ያላት የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት። «ወሬው እውነት ነው ወንድሜ፤ ግን ያንተ ወሬ አይደለም» አለችው።

ሰውየው ተቆጣ። «የኔ ያልሆነው ለምንድን ነው? ክፍል ውስጥ ውዬ አይደል የምመጣው?»

እሷም ዘረዘረችለት። 10,000 ዶላሩ የመጣው ብሉፕሪንት ከሚባለው የ2021 የሜሪላንድ የትምህርት ሕግ ነው። የሚሰጠው በትምህርት ቤት ለሚሠራ ሁሉ ሳይሆን ናሽናል ቦርድ የሚባለው አገር አቀፍ ተቋም የሚሰጠው የመምህርነት ብቃት ሰርተፊኬት ላለው መምህር ነው። ውጤቱ ዝቅተኛ ተብሎ በተለየ ትምህርት ቤት ለሚያስተምር ደግሞ 7,000 ይታከልበታል። ለናሽናል ቦርድ ለማመልከት ዲግሪ፣ የጸና የስቴት ላይሰንስና የሦስት ዓመት የመምህርነት ሥራ ያስፈልጋል። በረዳትነት ያለፈው ጊዜ ከሦስቱ ዓመት አይቆጠርም። «ዛሬ ብትመዘገብ 75 ዶላርህን ይዘው ነው የሚያሰናብቱህ» አለችው።

«እሺ፣ የኔ ካልሆነ ያንቺ ነዋ! ለምን አትወስጂውም?»

እዚህ ላይ ሦስተኛው ሰው ገቡ። ሁለቱም ጋሼ የሚሏቸው፣ በየዓመቱ የግማሹን ሰፈር ታክስ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። እስክሪብቶ አወጡና የናፕኪኑን ጀርባ ተጠቀሙ። ሰርተፊኬቱ የሚጸናው አምስት ዓመት ነው። በዓመት 10,000 ሲሆን 50,000 ይሆናል። ደሞዝ ስለሆነ ታክስ ይቆረጥበታል፤ ቢቆረጥበትም በአገሩ ያሉ የትርፍ ሰዓት ሥራዎች ይህን ያህል አይከፍሉም። ወጪው አራት ክፍል በ475 ዶላር፣ ድምር 1,900 ነው። ከዚህ ሁለት ሦስተኛውን ስቴቱ፣ አንድ ሦስተኛውን ካውንቲው ይችላል። «ልጄ፣ የምትሰስቺው ምኑን ነው?» አሏት።

«እንቅልፌን» አለች። ቀልድ አልነበረም። የአራቱን ክፍሎች ሥራ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። የመጀመሪያው በፈተና ጣቢያ ኮምፒውተር ላይ የሚሰጥ የትምህርት ይዘት ፈተና ነው፤ ምርጫና ሦስት የጽሑፍ ጥያቄዎች አሉት። ሁለተኛው የተማሪዎችን ሥራ ሰብስቦ ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ እንዴት እንዳስተማሩት መተንተን ነው። ሦስተኛው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚረዝሙ ሁለት ቪዲዮዎችና ማብራሪያቸው ነው። አራተኛው ተማሪዎቹን ከወላጅና ከሥራ ባልደረባ ጋር ሆኖ እንዴት እንዳወቋቸው፣ በምን መረጃ ተመሥርተው ምን እንደለወጡ የሚያሳይ ነው።

ቪዲዮው ላይ የሚወድቅ ሰው አለ አለች። በማስተማር ችሎታ ማነስ አይደለም። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ መሆን አለበት፤ ጥሩ ጥሩውን መርጦ መቀጠል ክልክል ነው። ስልኩ ጥግ ላይ ከቆመ የመምህሩ ድምፅ ይሰማል፣ የልጆቹ አይሰማም፤ ገምጋሚው ደግሞ መስማት የሚፈልገው ልጆቹን ነው። ከሁሉ የሚብሰው የወላጅ ፈቃድ ነው። ፎርሙ ሳይፈረም የተቀረጸ ልጅ ካለበት ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢያምር ቪዲዮው አይላክም። የእሷ ተማሪዎች ወላጆች ደግሞ ግማሾቹ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ናቸው፤ ፎርሙ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

«ይህን ሁሉ ጀምሬ ባቋርጠውስ?» ስትል ጠየቀች። ስቴቱ የከፈለለት ሰው በተሰጠው ጊዜ ካልጨረሰ ገንዘቡን ይመልሳል የሚል አንቀጽ አለ።

ረዳቱ ሳቀ። «አየሽ ሰበብ!»

ጋሼ ግን አልሳቁም። «አራቱን በአንድ ዓመት ሥሪ ያለሽ ማን ነው?» አሏት። ለመጨረስ የሚሰጠው ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ነው። ዘንድሮ ፈተናውንና ሁለተኛውን ክፍል፣ በሚቀጥለው ዓመት የቀሩትን ሁለቱን መሥራት ይቻላል። የወላጅ ፈቃዱንም ቪዲዮው ሲቃረብ ሳይሆን በመስከረም፣ ወላጆች ለመጀመሪያው ስብሰባ ሲመጡ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማስፈረም ነው። እሷም ዝም አለች። ይህ ዝምታዋ ለኋላው ፍርዴ ይጠቅመኛል።

ከዚያ ነገሩ ወደ ሎን ዞረ፤ ድምፅም ከፍ አለ። መምህርቷ የ42,000 ዶላር የተማሪ ብድር አለባት። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ልጆች በሚበዙበት ትምህርት ቤት ሳታቋርጥ አምስት ዓመት ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል። ጋሼም እርግጠኛ ሆነው «ለልዩ ፍላጎት መምህር 17,500 ይሰረዛል። እሱን ውሰጂ፤ የቀረውን ደግሞ በአስር ዓመቱ የሕዝብ አገልግሎት ፕሮግራም ታሰርዣለሽ። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ናት» አሉ።

ጋሼ ታክስ ላይ አይሳሳቱም። እዚህ ግን ተሳስተዋል፤ ብዙ የታክስ ሠራተኛም ይሳሳታል። ሁለቱን ፕሮግራሞች ለየጊዜው መጠቀም ይቻላል፤ አንዱን የሥራ ዘመን ለሁለቱም መቁጠር ግን አይቻልም። 17,500ውን ያስገኙላት አምስት ዓመታት የአስር ዓመቱ ፕሮግራም ከሚጠይቃቸው 120 ወርሃዊ ክፍያዎች ይወጣሉ። ሒሳቡን በእሷ ቁጥር እናየዋለን። በገቢ በሚወሰን እቅድ በወር 280 ዶላር ትከፍላለች እንበል። 17,500ውን ከወሰደች 24,500 ዕዳና ዜሮ የተቆጠረ ክፍያ ይዛ እንደ አዲስ አስር ዓመት ትጀምራለች። ካልወሰደች ሌላ አምስት ዓመት፣ ማለትም 16,800 ዶላር ከፍላ የቀረው ከነወለዱ ይሰረዝላታል። ዕዳዋ ሲጀመር 18,000 ገደማ ቢሆን ኖሮ ወይም ከትምህርት ቤት ሥራ ልትወጣ ብታስብ ኖሮ የጋሼ ምክር ልክ ይሆን ነበር። ሂሳብ ወይም ሳይንስ በሁለተኛ ደረጃ ለማያስተምርና የልዩ ፍላጎት መምህር ላልሆነ ሰው ደግሞ የሚሰረዘው 5,000 ብቻ ስለሆነ ጥያቄው ከናካቴው አይነሳም።

ረዳቱ ይህን ሲሰማ «ለእኛማ ምንም የለም» ብሎ አጉረመረመ። ጠረጴዛው ላይ ከተነገሩት ሁሉ በጣም የተሳሳተው ይሄ ነው። መምህር መሆንን የሚጠይቀው የ17,500ው ፕሮግራም ነው። የአስር ዓመቱ የሕዝብ አገልግሎት ፕሮግራም ግን ማዕረግ አይጠይቅም። ቀጣሪው የሕዝብ ትምህርት ቤት እስከሆነ፣ ሥራው በሳምንት በአማካይ 30 ሰዓት እስከሞላ ድረስ ፓራም፣ የአውቶቡስ ሹፌርም፣ የምግብ ቤት ሠራተኛም ይገባበታል። የክረምቱ እረፍትም አያጎድልበትም፤ ውሉ ከዓመቱ ቢያንስ ስምንት ወር ከሸፈነ ሙሉ ዓመት ሆኖ ይቆጠራል። እሱ ደግሞ እዚህ ኮሌጅ ለወሰዳቸው ኮርሶች የተበደረው 19,000 ዶላር አለበት፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የቀጣሪውን ማረጋገጫ ፎርም አንድ ጊዜም አልላከም።

«ታዲያ ስድስት ዓመቴ ይቆጠርልኛላ!» ብሎ ተነሳ።

ይህም ሙሉ በሙሉ አይደለም። ፎርሙ ወደኋላ ተመልሶ ያለፈውን ሥራ ማስመስከር ይችላል፤ የቀጣሪው የሰው ኃይል ክፍል፣ ኤች አር፣ ይፈርማል። ነገር ግን ኮርስ ሲወስድ ክፍያው በትምህርት ምክንያት ቆሞለት የነበሩት ወራት አይቆጠሩም። በኮቪድ ጊዜ፣ ከማርች 2020 ጀምሮ እስከ 2023 መስከረም፣ ለሁሉም የቆመው ክፍያ ግን ዜሮ ዶላርም ቢሆን እንደተከፈለ ይቆጠራል፤ በዚያን ጊዜ ተማሪ እስካልነበረና ሙሉ ሰዓት እስከሠራ ድረስ። ሴቭ የሚባለው የብድር መክፈያ እቅድ በፍርድ ቤት ሲታገድ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ክፍያ የቆመባቸው ወራት ደግሞ አይቆጠሩም። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሥራ 72 ክፍያ ማለት አይደለም። ሃምሳም ሊሆን፣ ሰላሳም ሊሆን ይችላል፤ ፎርሙ ተልኮ ነው የሚታወቀው።

ጋሼ በታክሱ በኩል የራሳቸውን ጨመሩለት። በትምህርት ዓመቱ 900 ሰዓት የሠራ ሰው ከኪሱ ለክፍሉ የገዛውን፣ በ2025 ታክስ እስከ 300 ዶላር፣ ከገቢው ላይ ይቀንሳል፤ ሕጉ መምህር ብቻ ሳይሆን ረዳትም ይላል። በቀን 6 ሰዓት በ180 የትምህርት ቀናት 1,080 ሰዓት ስለሚመጣ ያልፋል። «ደረሰኝ አለህ?» ሲሉት አንገቱን ደፋ።

አሁን ወደ ፍርዱ። ሦስቱም አዋቂዎች ናቸው፤ ሦስቱም ግን ወሬውን የያዙት ከቁጥሩ በኩል ነው። «ለማን» እና «ከመቼ ጀምሮ» የሚሉት ቃላት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ ይወድቃሉ። መምህርቷ ስለ ረዳቱ የተናገረችው ልክ ነው፤ ስለ ራሷ ያለችው ግን ልክ አይመስለኝም። የገንዘብ መመለሱ ስጋት የጅምር ሰው ስጋት ነው፤ ሥራውን ለሁለት ዓመት ከፋፍሎ ለሚሠራ ሰው ከሰበብ ብዙም አይርቅም። በልዩ ፍላጎት ዘርፍ የራሱ ሰርተፊኬት አለ። 17,500ውን ትተወው፣ ናሽናል ቦርዱን ትጀምረው እላለሁ። ወንዙን ተሻግራ ቨርጂኒያ ስቴት፣ አሌክሳንድሪያ ልትቀጠር ካሰበች ግን ቀድማ ታስላ፤ ሰርተፊኬቱ አብሯት ይሄዳል፣ የብሉፕሪንቱ 10,000 ግን የሜሪላንድ ሕግ ስለሆነ ሜሪላንድ ይቀራል።

የረዳቱ ነገር የሚያሳዝነኝ ሌሎቹ ሁለቱ በሩቅ እያዩ ያለፉት ነገር ስለሆነ ነው። የሱ ትልቁ ገንዘብ ሰርተፊኬቱ ውስጥ የለም፤ በረዳትና በመምህር ደሞዝ መካከል ነው ያለው። ያው የብሉፕሪንት ሕግ የጀማሪ መምህር ደሞዝ በጁላይ 1 ቀን 2026 ቢያንስ 60,000 እንዲደርስ ይላል። ፊዚክስ ደግሞ መምህር የሚጠፋበት ትምህርት ነው። የጎደለው የአገር ቤት ዲግሪው ኢቫሉዌሽን፣ ማለትም ዲግሪው እዚህ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚገልጽ ሰነድ ነው፤ ያውም ኮርስ በኮርስ የሆነው። ጠቅላላው፣ ርካሹ ዓይነት «ዲግሪ አለው» ብቻ ስለሚል ስንት ክሬዲት ፊዚክስ እንደተማረ አያሳይም፤ ለላይሰንስ አይረባም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ እንዲልክ ሲጠየቅ ሰውየው በእጁ ያለውን ኮፒ ይልካል፤ ፋይሉ ለወራት ይቆማል። ትራንስክሪፕቱ ላይ ስምና የአባት ስም ብቻ ሲኖር እዚህ ያለው መታወቂያ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዟል፤ ማመልከቻው ላይ «ሌላ ስም» የሚለው ቦታ ካልተሞላ ሁለት ሰው ይመስላል። የምረቃው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2002 ተብሎ ከተጻፈ እዚህ የሚያነበው ሰው ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ያደርገዋል፤ ከልደት ቀኑ ጋርም ይጋጭበታል። ዲግሪው የሦስት ዓመቱ ከሆነ ደግሞ ሙሉ ባችለር ተብሎ ላይመጣ ይችላል፤ ስለዚህ የማስተማር ዲፕሎማውንም ሆነ በኋላ የወሰደውን ኮርስ ሁሉ አብሮ ማስገባት ነው።

ፕራክሲስ የሚባለውን የመምህርነት ላይሰንስ ፈተና ለመፈተን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ሰው ተጨማሪ ግማሽ ጊዜ መጠየቅ ይችላል። ጥያቄው መጽደቅ ያለበት ግን ለፈተናው ከመመዝገብ በፊት ነው። ተመዝግበው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው።

በጊዜያዊው ላይሰንስ ማስተማር ለመጀመርም ረዳቱ በራሱ ስቴቱን መጠየቅ አይችልም፤ የሚጠይቅለት የሚቀጥረው ካውንቲ ነው። ስድስት ዓመት የሚያውቀው ርዕሰ መምህር ያለው ሰው፣ ኢቫሉዌሽኑን በእጁ ይዞ፣ የሚቀጥለው ዓመት ቅጥር በሚጀመርበት በማርች ቢሮው ቢገባ ከማንም የቀደመ ነው። በኦገስት ከሄደ ቦታው ተይዞ ይጠብቀዋል። ትራንስክሪፕቱ ከአገር ቤት እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ ከማርች ወደኋላ ቢቆጥር፣ ለሬጅስትራሩ የሚጻፈው ደብዳቤ ከመስከረም ማለፍ የለበትም። የሎኑ ፎርም ግን ምንም አይጠብቅም፤ ሰኞ ጠዋት ኤች አር ሲከፈት ሊሰጥ ይችላል።