ካሜራው ነው የዋሸው ወይስ ሰውየው?

ቅዳሜ ማታ አራት ሆነን የ1950ውን «ስቴጅ ፍራይት» አየን። የዳይሬክተሩ የአልፍሬድ ሂችኮክ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ታሪኩ በለንደን የቴአትር ሰዎች መሀል የተፈጸመ ግድያ ነው። (ያላያችሁት እዚህ ላይ ተሰናበቱኝ፤ መጨረሻውን ላወራ ነው።)

ጆናታን የተባለ ወጣት በመኪና እየሸሸ ለወዳጁ ለኢቭ ጉዱን ይነግራታል። ዝነኛዋ ተዋናይት ሻርሎት ቀሚሷ ደም ነክቶት ቤቱ መጣች፤ ባሏን የገደለችው እሷ ናት፤ እሱ ሊረዳት ብሎ ተጠረጠረ። የሚያወራውን ሁሉ ፍላሽባክ (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን የሚያሳይ ትዕይንት) ሆኖ እናየዋለን። መጨረሻ ላይ ግን ገዳዩ ራሱ ሆኖ ቁጭ!

መብራት ሳይበራ ጭቅጭቁ ተጀመረ።

«ተሸወድን!» አለች የወንጀል ልቦለድ የማያመልጣት ጓደኛችን። «ሰው ይዋሻል፣ እሺ። ሻርሎት ስትመጣ፣ እሱ ሲደነግጥ ግን በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!»

ትወና የተማረው ሳቀባት። «የሚያወራው ጆናታን ነው እንጂ ካሜራው መቼ ተናገረ? ደግሞ ፊልሙ በምን ጀመረ? በቴአትር መጋረጃ! መጋረጃው ተነስቶ ነው ለንደንን ያየሻት። ከዚህ በላይ ምን ይንገርሽ?»

«ሂችኮክ ራሱ ተጸጽቶበታል።»

እውነቷን ነው። ለፈረንሳዊው ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ በሰጠው ቃለ መጠይቅ፣ ያንን የውሸት ፍላሽባክ ማስገባት እንዳልነበረበት ተናግሯል።

እስካሁን ቡናቸውን ፉት እያሉ ዝም ያሉት ጋሼ ጣልቃ ገቡ። «እኔ ሻርሎትን ሆና የምትሠራዋን ማርሊን ዲትሪክን ነው ያየሁት። እሷ ስትዘፍን ማን ገደለ፣ ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅሁም።»

እኔን ውሸቱ አልከፋኝም። ኢቭ የትወና ተማሪ ናት፤ ሠራተኛ መስላ ሻርሎት ዘንድ ትገባለች። ሻርሎት ደግሞ የሐዘን ልብሷን ስትለካ፣ ከፊት ለፊት ትንሽ ዝቅ ቢል ምናለበት ትላለች። ባል የሞተባት ሴት! ሁሉም በሚተውንበት ቤት ጆናታን ብቻ እውነት ይናገር?

ችግሩ ሌላ ነው፤ አያስፈራም። ይህንንም ሂችኮክ ለትሩፎ አምኗል፦ ክፉዎቹ ራሳቸው ፈሪዎች ናቸው። እኔን ፍርሃት የያዘኝ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ከመድረክ ሥር፣ አሮጌ የቴአትር ሠረገላ ውስጥ ኢቭና ጆናታን ተደብቀዋል። ጨለማ ነው። እሱ ቀስ ብሎ እውነቱን ያወጣዋል። እሷ ትንፋሿን ውጣ ዓይኖቿ ብቻ ያበራሉ። ቀጥሎ በቴአትር ቤት እሳት እንዳይዛመት የሚወርደው ከባድ የብረት መጋረጃ ወርዶ ጆናታንን ይጨርሰዋል።

ሂችኮክ ይቅርታ መጠየቁ ካልቀረ፣ ሠረገላዋን እስከዚያ ድረስ ለደበቀብን ይጠይቅ።